«ከተክል የመጣ ዘይት ምርመራ አያስፈልገውም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ለአካባቢ ተስማሚ» ተብለው ስለሚሸጡ የማሽን ማለስለሻ ዘይቶች የወጣ አንድ ጽሑፍ በሙያው ውስጥ ባሉ ሰዎች ዘንድ በሰፊው እየተነበበ ነው። ጸሐፊው ማሽን የሚያውቁ ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ይታያል። ስለ ፓምፕና ስለ ቫልቭ ያሉትን እቀበላለሁ። ስለ መበስበስ ምርመራ፣ ማለትም ባክቴሪያ ዘይቱን በልቶ ይጨርሰው እንደሆነ ስለሚያጣራው ምርመራ፣ የጻፉትን ግን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም፤ ምክራቸውን አምኖ የተከተለ ሰው ምን እንደገዛ ሳያውቅ በወንዝ ዳር በሚሠራ ማሽን ውስጥ ዘይት ይጨምራልና።

ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ከተክል የተጨመቀ ዘይት በራሱ ስለሚበሰብስ ምርመራው ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው። ምርመራው የሚጠይቀው 60 በመቶ መበስበስ ብቻ ስለሆነ 40 በመቶው በካይ ሆኖ እንዲቀር ይፈቅዳል። በፍሳሽ ባክቴሪያ የተሞላ ጠርሙስ ስለ ወንዝና ስለ አፈር ምንም አይነግረንም። የግድ ይመርመር ከተባለም የቀድሞው የ21 ቀን ምርመራ ፈጣንና ግልጽ ስለነበረ ወደ እርሱ እንመለስ፤ የሚመረመረውም ቅመም ያልገባበት መነሻ ዘይቱ ብቻ ይሁን። በመጨረሻም እንዲህ ያለ ዘይት ቢፈስ ስለማይጎዳ ብዙ መጨነቅ አያሻም፤ በአሮጌው ዘይት ላይ እየጨመሩ መቀጠል ይቻላል።

በተራ እንያቸው።

መነሻው ተክል ስለሆነ ይበሰብሳል የሚለው ለብዙ ሰው ጆሮ የሚጥም አባባል ነው፤ ስለዚህም ነው ረዘም አድርጌ የምመልሰው። ባክቴሪያ የዘይቱን የትውልድ ሐረግ አይጠይቅም። ለእርሱ ቁም ነገሩ የሞለኪውሉ አሠራር ነው። የጎመን ዘር ወይም የሱፍ ዘይት በቀላሉ የሚበላው ሊፓዝ የተባለው ኢንዛይም በብዙ ባክቴሪያዎች ዘንድ ስለሚገኝና የዘይቱን የኤስተር ትስስር፣ ማለትም አሲዱንና አልኮሉን ያያያዘውን ቋጠሮ፣ ስለሚበጥስ ነው። ትስስሩ ሲበጠስ የሚለቀቀው ቀጥ ያለ የፋቲ አሲድ ሰንሰለት ደግሞ ሁለት ሁለት ካርቦን እየተቆረጠ ያልቃል። ሰንሰለቱ ቅርንጫፍ ሲያበዛ ግን የመቁረጡ ሥራ ይዘገያል። አንድ ካርቦን በአራቱም አቅጣጫ ከሌሎች ካርቦኖች ጋር በተያያዘበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጭራሹን ሊቆም ይችላል። ብዙ ቀለበቶች ተያይዘው የተሠሩ ሞለኪውሎችም እንዲሁ ለባክቴሪያ ከባድ ናቸው፤ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣው የማዕድን ዘይት አብዛኛውን ጊዜ 60 በመቶ የማይደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዘይት አምራቹ እንምጣ። ጥሬ የተክል ዘይት በሙቀት ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ቶሎ ይበላሻል፤ ብርድ ሲመታው ደግሞ ይረጋል። ስለዚህ አምራቹ እንዳለ አይተወውም። ሃይድሮጅን ይጨምርበታል፣ ፋቲ አሲዱን ለይቶ ከሌላ አልኮል ጋር አዋሕዶ አዲስ ኤስተር ይሠራል፣ ቅርንጫፍ ያለው አሲድ ይቀላቅላል። እነዚህ ለውጦች ዘይቱ በማሽን ውስጥ ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ያደርጋሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ባክቴሪያውንም የሚያስቸግሩ ናቸው። ከለውጡ በኋላም ካርቦኑ ከተክል የመጣ መሆኑ አልቀረም። ኤኤስቲኤም ዲ6866 በተባለው የራዲዮካርቦን ምርመራ ብንለካው ከተክል የመጣ መሆኑን ያረጋግጥልናል። መበስበሱን ግን ይህ ምርመራ አይነግረንም፤ ለዚያ የተሠራ አይደለምና። ሩቅ ሳንሄድ ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራውን ፖሊኤትሊን የተባለ ፕላስቲክ እንውሰድ። ከተክል የመጣ ነው፤ ነገር ግን ከነዳጅ ከሚሠራው ፖሊኤትሊን ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ አይበሰብስም። በተቃራኒው ደግሞ ከነዳጅ ከሚሠሩት ፖሊአልፋኦሌፊን የተባሉ ሰው ሠራሽ ዘይቶች መካከል ቀጫጭኖቹ በመበስበስ ምርመራ ጥሩ ውጤት ያሳያሉ፤ እየወፈሩ ሲሄዱ ነው ውጤታቸው የሚያሽቆለቁለው። ለሥነ ሕይወታዊ ማለስለሻዎች በአውሮፓ የወጣው ኢኤን 16807 የተባለው ደረጃ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ የጠየቀው ይህን በመረዳት ነው። ከታዳሽ ምንጭ የተገኘው ድርሻ ቢያንስ 25 በመቶ እንዲሆን ይላል፤ ከዚያ በተጨማሪ ዘይቱ በምርመራ ቢያንስ 60 በመቶ፣ ግሪሱ ደግሞ ቢያንስ 50 በመቶ መበስበሱ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። አንዱ ስለ ሌላው ዋስ አይሆንም።

ምንም ያልተነካ የምግብ ዘይትስ ቢሆን? እ.ኤ.አ. በ1991 መጀመሪያ ላይ «ኪምያ» የተባለች መርከብ በዌልስ አንግልሲ ደሴት አቅራቢያ ሰጠመች። ጭነቷ የሱፍ አበባ ዘይት ነበር። ከመርከቧ የወጣው ዘይት በባሕር ውስጥ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተሳስረው ወደ ፖሊመርነት ተለወጡ፤ ከአሸዋ ጋር ሲቀላቀልም ጠንካራ ቋጥኝ መሰል ጓል ሠራ። ጓሉም በባሕሩ ዳርቻ ለዓመታት ቆየ። በማብሰያ ድስት ውስጥ የምናውቀው ዘይት ነበር፤ ጸሐፊው ምርመራ አያስፈልገውም ካሏቸው ዘይቶች ሁሉ የመጀመሪያው ሊሆን የሚችል። እኔ ከዚህ ተነሥቼ የሱፍ ዘይት አይበሰብስም አልልም፤ በምርመራ ጠርሙስ ውስጥ በደንብ ይበሰብሳል። የምለው ዘይቱ በምን ሁኔታና በምን መጠን፣ ከምን ጋር እንደተገናኘ ሳይታወቅ በስሙ ብቻ መተማመን እንደማይቻል ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው 60 በመቶ ማለት 40 በመቶው ሳይበሰብስ ቀረ ማለት ነው የሚለው ነው። ይህ ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ካለመረዳት የመጣ ስህተት ነው። በእነዚህ ምርመራዎች የሚለካው ባክቴሪያዎቹ ያስወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም የወሰዱት ኦክስጅን ነው። ባክቴሪያ የበላውን ሁሉ አይተነፍሰውም፤ ከፊሉን አካሉን ይሠራበታል፣ ይራባበታል። ዘይቱ ከነጭራሹ ቢበላም እንኳ ከካርቦኑ ጥቂት የማይባለው በአዳዲስ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር በጋዝ መልክ አይወጣም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ኦኢሲዲ የሚባለው፣ መመሪያውን ሲያወጣ ጋዝ ለሚለካባቸው ዘዴዎች 60 በመቶ፣ በውሃ ውስጥ የሟሟ ካርቦን መጥፋት ለሚለካባቸው ደግሞ 70 በመቶ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። 60 በመቶ የደረሰ አንድ ወጥ ንጥረ ነገር በተግባር ተበልቶ ያለቀ ነው ተብሎ ይወሰዳል። «አንድ ወጥ ንጥረ ነገር» ያልኩት አስቤበት ነው፤ ለድብልቅ ነገሩ ይለያል፣ እመለስበታለሁ።

በጠርሙስ ውስጥ የሚሆነው ስለ ወንዝ አይናገርም በሚለው ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ አብሬ እሄዳለሁ። ግን መጀመሪያ ጠርሙሱን እንየው። ኦኢሲዲ 301ቢ በተባለው ዘዴ ውሃው ውስጥ የሚጨመሩት ማዕድናት ብቻ ናቸው፤ ባክቴሪያ የሚመገበው ካርቦን ከሚመረመረው ዘይት በቀር የለም። በአብዛኛው የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ከሚያጣራ ጣቢያ የተወሰደ ዝቃጭ በአንድ ሊትር ከ30 ሚሊግራም ባልበለጠ መጠን ይገባበታል። ዘይቱም በአንድ ሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ካርቦን እንዲሆን ተመዝኖ ይጨመራል። ጠርሙሱ ከ22 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይርቅ ሙቀት፣ ብርሃን ሳይበዛበት ይቀመጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አስቀድሞ የወጣለት አየር ሳያቋርጥ ይነፋበታል። ይህ አየር ባክቴሪያዎቹ የተነፈሱትን ይዞ ወጥቶ ባሪየም ሃይድሮክሳይድ ባለባቸው ሦስት ተከታታይ ጠርሙሶች ውስጥ ያልፋል። በመጀመሪያው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ፈሳሽ በቀናት ውስጥ ነጣ ነጣ ይላል፣ ከዚያ ይደፈርሳል፣ በመጨረሻም ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይዘቅጥበታል። ይህ ባሪየም ካርቦኔት ነው፤ ከቀናት በፊት የማሽን ዘይት የነበረ ካርቦን። ሳይዋሐድ የቀረው ባሪየም ሃይድሮክሳይድ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብታ ይለካል፤ ከዚያም የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰላል። ሥራው 28 ቀን ይቀጥላል። በ28ኛው ቀን ውሃው ውስጥ አሲድ ይጨመርና በካርቦኔት መልክ ታምቆ የቆየው ጋዝ ወጥቶ በማግስቱ ይለካል።

ከጎኑ ሌሎች ጠርሙሶችም ይቆማሉ። አንዱ ዘይት የሌለበት ነው፤ ዝቃጩ በራሱ የሚያወጣው ጋዝ ተቀንሶ እንዲታይ። ሌላው እንደ ሶዲየም አሲቴት ወይም ሶዲየም ቤንዞኤት ያለ በቀላሉ እንደሚበሰብስ የታወቀ ነገር የተጨመረበት ነው፤ ይህ በ14 ቀን ውስጥ 60 በመቶ ካልደረሰ ባክቴሪያዎቹ ደካማ ስለሆኑ ምርመራው በሙሉ ይሰረዛል። ሦስተኛው ሁለቱንም፣ ዘይቱንና የታወቀውን ነገር፣ አንድ ላይ የያዘ ነው። በ14 ቀን ውስጥ በዚህኛው ጠርሙስ 25 በመቶ ካልታየ ዘይቱ ባክቴሪያዎቹን እየመረዘ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ጸሐፊው ምርመራውን ዓይነ ስውር ግምት አስመስለው ሲያቀርቡት ስለ እነዚህ ጠርሙሶች አንድም ቃል አልጻፉም።

ውሃና ዘይት አይቀላቀሉም፤ ለዚህ ሥራ ትልቁ ፈተናም ይህ ነው። ዘይቱ በጠርሙሱ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ በመስታወቱ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ከውሃው መስመር በላይ እንደ ቀለበት ይለጠፋል፤ ከባክቴሪያው ጋር ሳይገናኝ የ28 ቀኑን እዚያው ሊያሳልፍ ይችላል። አይኤስኦ 10634 የተባለው መመሪያ ራሱን ችሎ የተጻፈው በውሃ የማይሟሙ ነገሮችን ለምርመራ እንዴት እናዘጋጅ ለሚለው ጥያቄ ነው። በድምፅ ሞገድ መበታተን፣ በመስታወት ወይም በሌላ ባዕድ ነገር ላይ በስሱ መቀባት፣ የማይበሰብስና የማይመርዝ መበታተኛ መጠቀም ካሉት መንገዶች መካከል ናቸው። አንድ ዘይት በሁለት ላቦራቶሪዎች የተራራቀ ውጤት ሊያገኝ እንደሚችል ጸሐፊው ሲናገሩ እውነታቸውን ነው። ብዙውን ጊዜ ሰበቡ ግን ዘይቱ ምን ያህል ደቆ እንደተበተነ ነው። መመሪያው ራሱ ይህን ስለሚያውቅ በአንድ ምርመራ ውስጥ ያሉ ተመሳሳይ ጠርሙሶች በ20 በመቶና ከዚያ በላይ ከተለያዩ ውጤቱ ተቀባይነት የለውም ይላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ስለ ወንዝ ምን ይነግረናል? አንድ ነገር በግልጽ ይነግረናል፤ አንድ ነገር አይነግረንም። 301 የሚባሉት ምርመራዎች ሆን ተብለው ከባድ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ባክቴሪያው ጥቂት ነው፣ ሌላ ምግብ የለውም፣ ዘይቱንም አስቀድሞ እንዲለምደው አይፈቀድም። በአንድ ወጥ ንጥረ ነገር ላይ ሲሠራ ደግሞ 10 በመቶ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ10 ቀን ውስጥ ማለፊያውን እንዲደርስ ይጠበቃል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ያለፈ ነገር ኦክስጅንና ሕይወት ባለበት ውሃ ወይም አፈር ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል ብሎ ማመን ምክንያታዊ ነው። የወደቀ ግን አይበሰብስም ማለት አይደለም፤ ወደ 302 ምርመራዎች፣ ለምሳሌ ዛን ዌለንስ ወደሚባለው ሄዶ፣ ብዙ ባክቴሪያ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ይታያል። ጸሐፊው ማለፍንና መውደቅን እኩል ሚዛን ላይ አስቀምጠው ምርመራው አያስተማምንም አሉ። ማለፉ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ መውደቁ ደካማ ማስረጃ ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ውጤቱን ሊያነብ አይችልም።

የማይነግረን ደግሞ በወንዙ ውስጥ በስንት ቀን እንደሚያልቅ ነው። 28 ቀን የጠርሙሱ ዕድሜ እንጂ የወንዙ ቀጠሮ አይደለም። ውሃው በቀዘቀዘ መጠን ባክቴሪያው ይዘገያል። ለባሕር ውሃ ኦኢሲዲ 306 አለ። ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ የሰመጠ ዘይት ፈጽሞ ሌላ ታሪክ አለው፤ ኦክስጅን በሌለበት የሚሆነውን መበስበስ የሚመረምረው ኦኢሲዲ 311 ነው። በርካታ አምራቾች ዘይታቸው በማያቋርጥ ሁኔታ ወደ ባሕር ለሚንጠባጠብ የመርከብ መሣሪያ እየሸጡ የ301ን ውጤት ብቻ ማቅረባቸው እኔንም ያሳስበኛል። ጸሐፊው በዚህ ላይ ቢጽፉ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር።

ወደ ቀድሞው የ21 ቀን ምርመራ እንመለስ የሚለው ሐሳባቸው ከሁሉም ያስደነገጠኝ ነው። የሚሉት ሲኢሲ ኤል-33 የተባለውን ዘዴ ነው። መጀመሪያ የተሠራው ጀልባ ላይ ለሚገጠሙ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ዘይት ነበር፤ በጊዜው ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ዘይቱ ከባክቴሪያ ጋር 21 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ የቀረው በማሟሟያ ተጠርጎ ይወጣና በኢንፍራሬድ ብርሃን ይለካል። የሚታየው በካርቦንና በሃይድሮጅን መካከል ያለው ትስስር በ2930 ሞገድ ቁጥር አካባቢ የሚውጠው ብርሃን ነው። ብርሃኑን የሚውጠው ነገር ከቀነሰ ዘይቱ ጠፍቷል ይባላል።

ጠፋ ሲባል ግን የት ሄደ? ባክቴሪያው ሞለኪውሉን አንድ ቦታ ላይ ቆርጦ በውሃ የሚሟሟ ቁራጭ ቢያደርገው፣ ቁራጩ ውሃው ውስጥ ይቀርና ወደ ማሟሟያው አይወጣም። ምርመራው «ተበስብሷል» ይላል፤ ቁራጩ ግን እዚያው ውሃ ውስጥ አለ። ይህ የመጀመሪያ ደረጃ መበስበስ ነው። ሙሉ መበስበስ የሚባለው ካርቦኑ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወደ ውሃና ወደ ባክቴሪያ አካል ሲለወጥ ነው፤ ይህን ደግሞ የድሮው ዘዴ አይለካም። የሲኢሲ ውጤት በአብዛኛው ከ301ቢ ውጤት ከፍ ብሎ የሚታየው በዚህ ነው። ጸሐፊው ከፍ ያለውን ቁጥር የተሻለ ቁጥር አድርገው ወሰዱት፤ ሁለቱ ግን አንድ ነገር አይለኩም። ከመነሻው በውሃ የሚሟሙትን ፖሊግላይኮል የተባሉ ሰው ሠራሽ ዘይቶች ደግሞ ዘዴው በትክክል ሊመረምራቸው አይችልም።

ሌላም አለ። ዘይቱን ጠርጎ ለማውጣት ያገለግሉ የነበሩት ካርቦን ቴትራክሎራይድና አንድ የፍሬዮን ዓይነት ነበሩ። ሁለቱም የኦዞንን ንጣፍ የሚያሳሱ በመሆናቸው እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ቁጥጥር ሥር ገቡ። ማነጻጸሪያ የሚሆኑት ጠርሙሶች ውስጥ ባክቴሪያ እንዳይኖር የሚጨመረውም የሜርኩሪ ክሎራይድ ነበር። ለአካባቢ ተስማሚ መሆኑን ለማረጋገጥ ሜርኩሪና ኦዞን የሚጎዳ ፈሳሽ ወደሚጠይቅ ዘዴ እንድንመለስ የሚመክር ሰው ስለ ዘዴው በቂ ሳያነብ የጻፈ ይመስለኛል። ዘዴው ኤል-103 በተባለ፣ በጋዝ ክሮማቶግራፊ በሚለካ ሌላ ዘዴ ከተተካም ቆይቷል።

መነሻ ዘይቱን ብቻ መመርመር ይበቃል የሚለው አሁን ቅድም ወዳቆየሁት የድብልቅ ጉዳይ ያመጣናል። ማለስለሻ ዘይት አንድ ንጥረ ነገር አይደለም። በመነሻ ዘይቱ ላይ ኦክስጅንን የሚከላከል፣ ዝገትን የሚከላከል፣ ብረት በብረት ሲፋቅ የሚጠብቅ፣ ውፍረቱን በሙቀት ጊዜ የሚያጸና ቅመም ይጨመርበታል። ለመፋቅ መከላከያ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው የዚንክ ዳይአልኪል ዳይታዮፎስፌት በውሃ ውስጥ ላሉ ፍጥረታት መርዛማ ነው። ውፍረት የሚያጸኑት ፖሊመሮች ብዙዎቹ በእነዚህ ምርመራዎች አይበሰብሱም። እነዚህ ቅመሞች ከጠቅላላው ጥቂት በመቶ ቢሆኑም ወንዝ ውስጥ ሲገቡ ከመነሻ ዘይቱ ጋር አብረው ነው የሚገቡት።

በአንጻሩ የተዘጋጀውን ዘይት በሙሉ መመርመርም ብቻውን አይበቃም። 80 በመቶው ፈጽሞ የሚበሰብስ፣ 20 በመቶው ፈጽሞ የማይበሰብስ ድብልቅ 60 በመቶን ሊያልፍ ይችላል። ኦኢሲዲ 301 ሲዘጋጅ የታሰበው ለነጠላ ንጥረ ነገር ነበርና ድብልቅ ሲገባበት የማለፊያው ትርጉም ይላላል። ጠንቃቃ ደንብ አውጪዎች መፍትሔውን አግኝተውታል። የአውሮፓ ኅብረት የአካባቢ ምልክት እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው መስፈርቱ በዘይቱ ውስጥ 0.10 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን እያንዳንዱን ንጥረ ነገር ለየብቻ ይመለከታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2013 ለመርከቦች ባወጣው ፈቃድ ዘይቱ ከባሕር ውሃ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ለአካባቢ ተቀባይነት ያለው ማለስለሻ እንዲሆን ጠይቆ፣ ከዘይቱ ክብደት ቢያንስ 90 በመቶው፣ ከግሪሱ ደግሞ ቢያንስ 75 በመቶው በምርመራ የሚበሰብስ እንዲሆን ወስኗል። የቀረውም በሕያዋን አካል ውስጥ እየተከማቸ የሚሄድ እንዳይሆን ይከለክላል። መነሻ ዘይቱ ብቻ ይመርመር የሚለው ምክር ከእነዚህ ሁሉ ወደ ኋላ የሚመልስ ነው።

የሚበሰብስ ዘይት ቢፈስ አይጎዳም በሚለው ላይ ስሌት እንሥራ። መበስበስ ኦክስጅን ይበላል። ትራይኦሊን የተባለውን፣ የብዙ ተክል ዘይቶች ዋና አካል የሆነውን ሞለኪውል ብንወስድ፣ አንዱ ግራም ሙሉ በሙሉ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ እንዲለወጥ ወደ 2.9 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለ፣ ኦክስጅን የጠገበ ንጹሕ ውሃ በሊትር የሚይዘው 9 ሚሊግራም ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ግራም ዘይት ከ300 ሊትር በላይ ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በሙሉ ሊጠይቅ ይችላል፤ አንድ ሊትር ዘይት ደግሞ ወደ 290 ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ ያለውን። እርግጥ ከአየር አዲስ ኦክስጅን ይገባል፣ ከፊሉ ካርቦንም ወደ ባክቴሪያ አካል ስለሚገባ ፍላጎቱ ከዚህ ያንሳል። በትንሽ ኩሬ ወይም ቀስ ብሎ በሚሄድ ጅረት ላይ ግን ዓሣ የሚታፈነው በዚህ ነው። በፍጥነት የሚበሰብስ ዘይት ኦክስጅኑንም በፍጥነት ይጠይቃል። የወፍ ላባን የሚያጣብቀው ዘይትም ባክቴሪያ እስኪበላው አይጠብቅም፤ ያኔውኑ ወፏን ለብርድ ያጋልጣታል።

መርዛማነት ደግሞ ከመበስበስ የተለየ ጥያቄ ስለሆነ የራሱ ምርመራ አለው፤ በአልጌ ላይ ኦኢሲዲ 201፣ በውሃ ቁንጫ ላይ 202፣ በዓሣ ላይ 203። የ301ን ወረቀት ይዞ «አይመርዝም» ማለት አይቻልም።

ወጪን በተመለከተ ብዙ አልልም። የ28 ቀን ምርመራ ርካሽ አይደለም። ቅድሚያ ግምት ለማግኘት የዘይቱን ኬሚካላዊ ይዘት ለክቶ መበስበሱን በስሌት የሚተነብየው ኤኤስቲኤም ዲ7373 አለ፤ አምራቹ ከብዙ ቅንብሮች መካከል የሚሆነውን ለመምረጥ ይረዳዋል። በመጨረሻ ለገዢው የሚሰጠው ወረቀት ላይ ግን የምርመራው ስምና ቁጥር፣ የተገኘው በመቶኛ፣ የቀኑ ብዛት፣ የተመረመረው ሙሉው ዘይት ይሁን ወይስ ክፍሉ፣ አራቱም መጻፍ አለባቸው። ቅጠል ተስሎበት «90 በመቶ ይበሰብሳል» የሚል ጣሳ ቁጥሩ በሲኢሲ ይሁን በ301ቢ ካልነገረን ገዢው የሚያነጻጽርበት ነገር የለውም። ጸሐፊው በእንዲህ ያሉ ጣሳዎች መማረራቸው ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ምርመራውን መተው ሳይሆን ወረቀቱን መጠየቅ ነው።

የመጨረሻው ምክራቸው፣ አዲሱን ዘይት በአሮጌው የማዕድን ዘይት ላይ እየጨመሩ መቀጠል ይቻላል የሚለው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ቢሆንም በተግባር ብዙ ጉዳት የሚያመጣው እርሱ ነው። ምርመራ የሚደረገው ጣሳው ባልተከፈተ አዲስ ዘይት ላይ ነው። ማሽን ውስጥ የሠራ ዘይት ከብረት ፍቅፋቂ፣ ከመዳብ፣ ከኦክስጅን ጋር ከተዋሐደ ዝቃጭ ጋር ይቀላቀላል፤ ውጤቱም የአዲሱ ውጤት አይደለም። ለአካባቢ ተቀባይነት ስላላቸው የሃይድሮሊክ ዘይቶች የወጣው አይኤስኦ 15380 ከማዕድን ዘይት ወደ እነዚህ ዘይቶች ሲቀየር በማሽኑ ውስጥ የሚቀረው አሮጌ ዘይት ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ታንኩን ብቻ አፍስሶ አዲሱን የሞላ ሰው በሲሊንደሩ፣ በቱቦውና በማቀዝቀዣው ውስጥ ከዚያ ብዙ የሚበልጥ አሮጌ ዘይት ይተዋል። ስለዚህ ታንኩም፣ ሲሊንደሩም፣ ቱቦውም ይፍሰስ፤ ማጣሪያው ይቀየር፤ በአዲሱ ዘይት ይታጠብ፤ ከተሞላ በኋላም ናሙና ተወስዶ የቀረው የማዕድን ዘይት ይለካ።